ያልተነከረ ክር

በእኛ ቤት የአሻንጉሊት ፀጉር የሚመጣው ከመርካቶው ምን አለሽ ተራ ነበር። ለሆዷ መሙያ የሚሆነው ብጥስጣሽ ጨርቅ ከሰፈር ልብስ ሰፊዎች እግር ሥር ይለቀማል፤ ለዓይኗ የሚሆኑት ጥቋቁር ቁልፎች ካረጀ ሸሚዝ ላይ ይፈታሉ፤ ገላዋ የሚሠራበትን ቡናማ ክር እቴቴ ብር ስታገኝ ከድር ተራ አዲስ ትገዛለች። ፀጉሩን ግን አንድም ቀን ከአዲስ ክር ስትሠራ አላየኋትም። «ፀጉር የሚሆነው የኖረ ክር ነው» ትል ነበር። የኖረ ክር ደግሞ የሚገኘው ሰው ከለበሰው፣ ፀሐይና ዝናብ ካየው፣ ክርኑ ላይ ከሳሳ ሹራብ ነው።

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ያደግሁት በእሷ እጅ ነው። ኪሮሽ በተማሪ ቤት የእጅ ሥራ ክፍል የጀመረችውና ዕድሜዋን ሙሉ ያልተለያት ሙያ ነበር። በደርግ ዘመን ዳንቴል ያልለበሰ ሳሎን ማግኘት ያስቸግር ነበር፤ ራዲዮኑ ይለብሳል፣ የሶፋው መደገፊያ ይለብሳል፣ የውሃው ጆግ ይለብሳል፣ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ቴሌቪዥኑን ያለብሳል። እቴቴ የምትተዳደረው በዚህ የዳንቴል ትእዛዝ ነው። አሻንጉሊቶቹ የመጡት ኋላ ነው፤ መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥሎ ለጎረቤት ልጆች፣ ከዚያ አንዷ እናት ለሌላዋ እየነገረች የሰው ትእዛዝ ሆኑ። አዲስ የሱፍ ክር ውድ ነበር፤ የሚፈልጉትም ቀለም ሁልጊዜ አይገኝም። በዚህ ላይ እቴቴ እንደዚህ ያለ ገንዘብ ለአሻንጉሊት ማውጣት የምትችል ሴት አልነበረችም። ስለዚህ ሹራብ ፍለጋ እንወጣለን።

ምን አለሽ ተራን ከዓይን ይልቅ ጆሮ ቀድሞ ያገኘዋል። በየተራው መሀል እየተጋፉ ሲሄዱ የመዶሻው ድምፅ ይቀበላል። በርሜል ተቀዶ ይዘረጋና ምድጃ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል፤ ከቆርቆሮ ጣሳ ኩራዝ ይወጣል። ብሎን፣ ማጠፊያ፣ ቁልፉ የጠፋ ጓጉንቸር፣ ጓጉንቸሩ የጠፋ ቁልፍ፣ ክዳን የሌለው ብልቃጥ፣ ብልቃጥ የሌለው ክዳን መሬት ላይ ተዘርግቶ ፈላጊውን ይጠብቃል። ዕቃው የሚመጣው ከከተማው ጓዳ ሁሉ ነው። «ቁራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው ብረቱንና ጠርሙሱን ይገዛል፤ «ልዋጭ!» የሚለው አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሳህንና ብርጭቆ ይሰጣል። ሁለቱም ሲመሽ ሸክማቸውን የሚያራግፉት መርካቶ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስቶ ወደ ምዕራብ ሲገፋው፣ ከተማው የጣለውን መልሶ የሚያነሳ እንዲህ ያለ ተራ ይበቅልበታል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። እኔ ግን መርካቶን ከማውቅበት ነገር ሁሉ የማከብረው ይህንን ነው፤ እዚያ ዋጋ የሌለው ዕቃ አላየሁም፤ ፈላጊው ገና ያልደረሰለት ዕቃ ብቻ ነው ያለው።

ሹራብ መምረጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እቴቴ ከክምሩ አንዱን ስታነሳ መጀመሪያ ቀለሙን አታይም፤ ገልብጣ የጎኑን ስፌት ነው የምታየው። ጎኑ በኦቨርሎክ ተቆርጦ የተሰፋ ከሆነ መልሳ ትጥለዋለች። እንዲህ ያለው ሹራብ ከጨርቅ ጣቃ እንደሚቆረጥ ልብስ ተቆርጦ የተሰፋ ስለሆነ፣ ሲተረተር እያንዳንዱ መስመር ጫፉ ላይ እየተበጠሰ ይወጣል፤ የክር ስብርባሪ እንጂ ክር አይገኝበትም። ደረቱ፣ ጀርባውና እጅጌው ለየብቻ በልኩ ተሠርቶ በክር የተያያዘ ሲሆን ግን፣ ያቺን የምታያይዘውን ክር በምላጭ ጫፍ ፈልጎ መሳብ ብቻ ነው፤ ተዘርግፎ ይፈታል። ከዚያ አንገትጌው ላይ የተቋጨበትን ቦታ ያገኘ ሰው ከአንገት እስከ ወገብ ሳይበጠስ ይተረትረዋል።

ሁለተኛው ፈተና ክብሪት ነው።

«እትዬ፣ ይሄማ ንጹሕ ሱፍ ነው!» ይላታል ሻጩ።

«አንተ ካልክማ ምን ከፋኝ፤ እስቲ ክብሪት አውጣ።»

ከሹራቡ ጫፍ አጭር ክር ትመዝና በሁለት ጣቷ ይዛ ትለኩሰዋለች። ሱፍ ከሆነ እሳቱ ዳር ዳሩን ብሎ ይጠፋል፤ የሚሸተው የተቃጠለ ፀጉር ነው፤ የቀረው ጥቁር አመድ በጣት ሲነካ ይደቃል። አክሪሊክ ከሆነ እየቀለጠ ይንጠባጠባል፤ ሲበርድ እንደ ዶቃ የደረቀ ጠጣር ነገር ጫፉ ላይ ይቀራል። የዚያ ሽታ ምክንያት ምን እንደሆነ የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ የበግ ፀጉርና የሰው ፀጉር የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ፕሮቲን፣ ከኬራቲን ነው። እቴቴ ኬራቲን የሚባል ነገር አልሰማችም። ክሩን አሽትታ «ይሄ ፀጉር ነው» ስትል ግን ልክ ነበረች።

ቤት ስንደርስ መተርተሩ የእኔ ሥራ ነው። የወንበር መደገፊያ ላይ እየጠቀለልኩ፣ እሷ ጫፉን ይዛ እየሳበች፣ ከሹራቡ መስመር በመስመር እየተፈታ የሚወጣው ክር ጠር ጠር የሚል ድምፅ ያሰማል። ሲወጣ ቀጥ ያለ አይደለም። ዓመታት በዓይን በዓይን ተቋጥሮ ስለኖረ ጥምልምል፣ ሽብሽብ እንዳለ ነው የሚወጣው። ይህን ሹራብ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል፤ የተተረተረ ክር መልሶ ሹራብ እንዲሆን ከተፈለገ ጥቅሉ በአራት ቦታ ይታሰርና ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ ሸክም ነገር ታስሮበት ይሰቀላል። ሱፍ ውሃ ሲገባበት ይላላል፤ ተወጥሮ ሲደርቅ ቀጥ ይላል። እቴቴም ለአሻንጉሊቱ ቀሚስ፣ ለሻርፕና ለካልሲ የምትፈልገውን ክር እንዲሁ ነው የምታደርገው። ለፀጉር የያዘችውን ክር ግን ውሃ አታስነካውም። በሳሙና የሚታጠብ ከሆነ ሹራቡ ሳይተረተር ታጥቦ ይደርቃል፤ ከተተረተረ በኋላ ነካኪ የለውም። «እሱን አትንከሪው» ትለኛለች፤ «ተይው፤ እሱ ፀጉር ነው»።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን እቴቴ ያወረሰችኝ ነገር ሁሉ እዚህች ላይ ነው ያለው።

በዚያ ጊዜ ሱቅ ውስጥ የምትታየው አሻንጉሊት ስትተኛ ዓይኗን የምትከድን፣ ጉንጯ የቀላ፣ ፀጉሯ ወርቃማና ሉጫ የሆነች የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነበረች። ያላት ልጅ በሰፈር ውስጥ ትከበራለች፤ የሌላት ከአጥር ውጭ ሆና ታያለች። ልጆች እቃቃ ሲጫወቱ ሙሽራዋ እሷ ናት፤ የጨርቅ አሻንጉሊቶቹ ሚዜዎች ናቸው። ከአሻንጉሊቱ አልፎ ነገሩ የትልልቆቹም ነበር። የሚዘፈንለት ዞማ ፀጉር ነው፤ ለሠርግ የሚኬደው ቢጎዲን ተጠቅልሎ፣ ካስክ ውስጥ ተገብቶ ነው። ከርዳዳ የሚለው ቃል ከማበጠሪያ ጋር የሚታገል ልጅ ላይ የሚወረወር ነበር። እኔ ራሴ እሑድ እሑድ እቴቴ ጉልበቶች መሀል ተቀምጬ፣ በሚዶ ፀጉሬ ሲተረተር እያለቀስኩ ነው ያደግሁት። ሥራዋን ስትጨርስ ለጋ ቅቤ ቀብታኝ ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ይዛ ታየኛለች። ያቺ ሴት ናት የተተረተረውን ክር አይታ «አትንከሪው» ያለችው። ምክንያቷን ተናግራ አታውቅም። እሷ የምትሠራት አሻንጉሊት ግን ሚዜ አልሆነችም።

ስለ አሠራሩ ልናገር፤ ምክንያቱም አሁን አሁን አሻንጉሊት የሚሠሩ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚደክሙት ፀጉሩ ላይ ሲደርሱ ነው።

መጀመሪያ ኪሮሹ። የእቴቴ ደህና ኪሮሽ ከውጭ የመጣ ነበር፤ እሱ ለዳንቴል ብቻ ነው። ለፀጉር የምትጠቀምበትን የሠሩላት ምን አለሽ ተራ የሚቀጠቅጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ከብስክሌት ጎማ የወጣ ቀጭን ሽቦ ይቆርጡና ጫፉን አግለው በመዶሻ ትንሽ ጠፍጠፍ ያደርጉታል፤ ከዚያ በሞረድ ጎኑን ይቦረቡሩታል። ሲጨርሱ የራሳቸው ሹራብ እጅጌ ላይ ያልፉበታል። ከያዘ እንደገና ሞረድ ነው። ክር ሳይይዝ፣ ሳይቧጭር እስኪያልፍ ድረስ አይሰጡም። «ልጄ፣ ሹል ሳይሆን ልዝብ ነው ክር የሚወስደው» ብለውኛል። ኪሮሹ ዛሬም አለኝ፤ እጀታው ላይ የተጠቀለለው ጨርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀይሯል እንጂ ጫፉ ያው ነው።

ከዚያ ቆቡ። እቴቴ ፀጉሩን አሻንጉሊቷ ራስ ላይ በቀጥታ አትሰፋም፤ ለብቻው ዊግ አድርጋ ነው የምትሠራው። በጨርቅ የተሞላ ራስ በየጊዜው ይጎረብጣል፣ ገላዋም ይታጠባል፤ ፀጉሩ ተለይቶ መውጣት አለበት። ቆቡ ከመሀል አናት ይጀምራል፤ በስድስት ዓይን። ሁለተኛው ዙር አሥራ ሁለት፣ ሦስተኛው አሥራ ስምንት፣ አራተኛው ሃያ አራት እያለ በየዙሩ ስድስት ስድስት ይጨመራል። ጭማሪው ከስድስት ካነሰ ቆቡ ቶሎ ይሾላል፤ ከበዛ ጠርዙ ይሞገዳል። ስፋቱ የራሷን ሲያክል ጭማሪው ይቆምና ሳይጨመር ወደ ታች እስከ ጆሮ ይወርዳል። ቆቡና ፀጉሩ ከአንድ ክር መሆን አለባቸው፤ ይህ የእቴቴ የማይሻር ሕግ ነው። ፀጉሩ ሲከፈል ከሥሩ ሌላ ቀለም ከታየ «መላጣ አደረግሻት» ትላለች። ኦቨርሎክ ያለበትን ሹራብ የምትጠላውም ለዚህ ነው፤ ከስብርባሪ ክር ቆብ አይወጣም።

ከዚያ ክሩ በሁለት እጥፍ ይቆረጥና እያንዳንዱ ለሁለት ታጥፎ በኪሮሹ በቆቡ ዓይን ሥር አልፎ፣ ጫፉ በራሱ ቀለበት ውስጥ ገብቶ ይሳባል። የሻርፕ ጫፍ ላይ ያለውን ዘርፍ ያሰረ ሰው እጁ ያውቀዋል። መጀመሪያ ዙሪያውን፣ ቀጥሎ የሚከፈልበትን መስመር፣ መጨረሻ ላይ መሀሉን። ሁሉንም ዓይን መሙላት አያስፈልግም፤ ክሩ ስላልተነከረ እየተነፋ ቦታውን ራሱ ይሞላዋል። ሉጫ ክር ቢሆን ኖሮ ሁለት እጥፍ ይፈጅ ነበር። ማበጠሪያ ግን አይነካውም። ማበጠሪያ ከገባበት ክሩ ይበተንና ጥጥ ይሆናል። በጣት ብቻ ነው የሚለየው፤ መስመሩ ደግሞ በወስፌ፣ የሰው ሹሩባ እንደሚከፈለው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ የእቴቴ የደስታ ጊዜ ነበር። ጎፈሬ ማውጣት ቀላል ነው፤ ክሩ አጥሮ በመቀስ ይከረከማል። ለሕፃን አሻንጉሊት ቁንጮ ትሠራለች፤ ቆቡ የገላ ቀለም ባለው ክር ይሠራና ግንባሯ ላይ አንድ እፍኝ ብቻ ይታሰራል። ለልጃገረዷ ሳዱላ፤ መሀል አናቷ የተላጨ፣ ዳር ዳሩ ላይ ቀጭን መስመር የቀረላት። ይህን አሠራር አይተው የማያውቁ የከተማ ልጆች «ምን ሆና ነው?» ሲሉ፣ እቴቴ ኪሮሹን አስቀምጣ ስለ ልጅነቷ፣ ስለ እናቷ ሠርግ፣ ፀጉር መቼ ይላጫል፣ መቼ ይተዋል የሚለውን ትነግራቸዋለች። እኔ ስለ አገሬ የፀጉር ሥርዓት የማውቀውን ሁሉ ከአሻንጉሊት ነው የተማርኩት ብል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ጊዜ አንድ አስተማሪ ለክፍላቸው ብለው አፄ ቴዎድሮስን አዘዙ። ሹሩባው ወደ ኋላ ተጎንጉኖ የወረደ መሆን አለበት፤ እቴቴ ከጥቁር ሹራብ ክር እያንዳንዱን ጉንጉን ከግንባር ጀምራ ቆቡን እየያዘች ሠራችው፤ ቀናት ፈጀባት። የንጉሡ የራሳቸው ሹሩባ ታሪክ ግን የሚያም ነው። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ የእንግሊዝ ወታደሮች ከፀጉራቸው ቆርጠው ወስደው ነበር፤ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የነበረው ለኢትዮጵያ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። ዜናውን ስሰማ እቴቴ በሕይወት አልነበረችም። የሰው ፀጉር የሰውየው አካል መሆኑን ግን ማንም ሊነግራት ባላስፈለገ ነበር።

ይህንን የምለው በ1980 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የሆነውን ስለማስታውስ ነው። በሰሜኑ ጦርነት የአፋቤት ሽንፈት ወሬ በራዲዮ ሳይሆን በሹክሹክታ ወደ ከተማ በገባበት ሰሞን ነው። አባቷ ወታደር የሆነ የጎረቤታችን ልጅ ነበረች፤ ከእኔ ታንሳለች። መርዶው ሲመጣ እናቷ ፀጉሯን ተቆረጠች፤ ጥቁር ሻሽ አሰረች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጅቷ እቴቴ የሠራችላትን አሻንጉሊት ይዛ መጣች። ዊጉን ራሷ ፈትታ በእጇ ይዛዋለች። «እትዬ፣ እሷም ትቆረጥ» አለች።

እናቴ እዚያው ነበረች፤ ፊቷን አዞረች። እቴቴ ግን ልጅቷን አጠገቧ አስቀምጣ ዊጉን ተቀበለቻት፤ አልቆረጠችውም። ከዚያው ጥቁር ክር አዲስ ቆብ ጀመረች። ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት። ልጅቷ ጣቷን ስታይ፣ ቡናውም ተፈልቶ ሲጠጣ፣ ቆቡ አለቀ። ላዩ ላይ ክር አልታሰረበትም፤ አጥብቃ ስለሠራችው ዓይኖቹ ብቻ ልክ እንደ አጭር ፀጉር ቆመው ነበር። አሻንጉሊቷ ላይ አድርጋ በአራት ቦታ ያዘችው። የቀድሞውን ዊግ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ለልጅቷ ሰጠቻትና «ይሄን አስቀምጪላት፤ የአባትሽ ተዝካር ሲወጣ ታደርጊላታለሽ» አለቻት። ልጅቷ ጠየቀቻት፤ «እስከዚያ ያድጋል?» «ያድጋል እንጂ» አለች እቴቴ፤ «ፀጉር አይደል?»

በዚያ ቀን አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ዛሬ ድረስ አንድ ነገር አምናለሁ፤ ልጅ አሻንጉሊቷ ከራሷ ጋር እንድትመሳሰል የምትፈልገው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ኀዘንም ሲመጣ አብራት የምታዝን ትፈልጋለች። ወርቃማ ፀጉር ያላት የፕላስቲክ አሻንጉሊት ይህንን ልታደርግላት አትችልም ነበር።

በሌላው ዓለም ይህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል። ኬኔት እና ማሚ ክላርክ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት፣ የሥነ ልቦና ምሁራን፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለሕፃናት ከቀለማቸው በስተቀር አንድ ዓይነት የሆኑ አሻንጉሊቶችን እያሳዩ የትኛዋ ጥሩ ናት፣ የትኛዋ አንቺን ትመስላለች እያሉ ይጠይቁ ነበር። ከጥቁር ልጆቹ አብዛኞቹ ነጯን ጥሩ አሉ። ይህን ጥናት ያነሳ የኬኔት ክላርክ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤቶች ዘር መለያየትን ሕገ ወጥ ባለበት ውሳኔ ላይ ተጠቅሷል። እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ የወጣችው ባርቢ በራሷ ስም ጥቁር ሆና እስክትሠራ ድረስ እስከ 1980 መጠበቅ አስፈለገ፤ ኪቲ ብላክ ፐርኪንስ የነደፈቻት ያቺ ባርቢ አጭር አፍሮ ነበራት። የክር ፀጉር ካነሳን ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከሁሉ የታወቀችው ራጌዲ አን ናት፤ ጆኒ ግሩዌል ንድፏን እ.ኤ.አ. በ1915 በስሙ ያስመዘገባት፣ ቀይ የሱፍ ክር ፀጉር ያላት የጨርቅ አሻንጉሊት። የእሷ ክር ሉጫ ነው፤ የተሠራችላቸውን ልጆች ትመስላለች። የእኛም እኛን እንድትመስል መፈለግ ብርቅ ነገር መሆን አልነበረበትም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ተለወጠ። ልባሽ ጨርቅ በቦንዳ መግባት በዛ፤ ሹራብ እንደ ልብ ሆነ። ነገር ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ኦቨርሎክ ነው፤ ክብሪቱም ሲነካው ይቀልጣል። እቴቴ ወደ መንዝ ሱፍ ዞረች። መንዝ ደጋ ነው፤ ሴቶቹ የበጉን ፀጉር ይፈትላሉ፤ ባናና ዝተት ይሠራበታል። ከዚያ አገር የመጣች ጎረቤት ያልተቀለመ ጥቁር ፈትል ታመጣላት ነበር። የበጉ ቅባት ስላለበት እጅ ያወዛል፤ ዝናብ ሲሆን ቤቱ በረት በረት ይሸታል። እቴቴ ጎረቤቷን «እስቲ ከወትሮው አጥብቀሽ ፍተዪልኝ» አለቻት። ከልክ በላይ የተፈተለ ክር ሲላላ በራሱ ላይ ይጥመለመላል፤ ሸማኔ ይህን አይወደውም። ለእሷ ግን እንዳለቀ ፀጉር ነው። በሕይወቷ የመጨረሻ ዓመታት የሠራቻቸው ዊጎች ሁሉ ከዚያ ክር ናቸው፤ ከሁሉም የሚያምሩትም እነሱ ናቸው ባይ ነኝ።

አሁን አሻንጉሊት በኪሮሽ የሚሠሩ ወጣት ሴቶች በዝተዋል። ከስልካቸው ላይ እያዩ ይማራሉ፤ በየባዛሩ ይሸጣሉ። እጃቸው ከእኔ እጅ የቀና ነው። ክሩን መርካቶ ይገዛሉ፤ አብዛኛው አክሪሊክ ነው፤ ሉጫም ነው። አንዳንዶቹ ይህንን አይተው መላ ፈጥረዋል፤ ክሩን ቀጭን እንጨት ላይ አጥብቀው ጠቅልለው የፈላ ውሃ ያፈሱበታል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይፈቱትም። አክሪሊክ በቀዝቃዛ ውሃ እልኸኛ ነው፤ ሙቀት ሲያገኝ ግን የተሰጠውን ቅርጽ ይይዛል። ሲፈታ እንደ ዘለላ ተጥመልምሎ ይወርዳል። መልካም ነው፤ የተጠቀለለ ፀጉር ላላት ልጅ ይሆናል። ከርዳዳው ግን በዚህ መንገድ አይመጣም።

ምን አለሽ ተራ ዙሪያው ፎቅ እየሆነ ነው። መርካቶ እሳትም አይቷል፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲቃጠል በስልክ እየተጠራራን ስንት ሰው ምን እንዳጣ ስንሰማ አድረናል። መዶሻው ግን አሁንም ይሰማል፤ ሹራቡም አሁንም መሬት ላይ ተከምሮ አለ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ወጣት አለች። ባለፈው ክረምት አብረን ሄደን እኔ እንደ ለመድኩት ገልብጬ ስፌቱን እያየሁ ኦቨርሎክ ያለበትን ሁሉ ወደ ጎን ስጥል፣ እሷ ከኋላዬ እያነሳች ዘንቢሏ ውስጥ ትከታለች። «ይሄ እኮ አይተረተርም» አልኳት። «አውቃለሁ፤ አጭር አጭሩን ነው የምፈልገው» አለች።

ቤት ስትደርስ ደረቱን ከእጅጌው በመቀስ ለየችው፤ የተሰፋውን ጠርዝ ቆርጣ ጣለች። ከዚያ መስመር በመስመር መዘዘችው። እያንዳንዱ መስመር ለየብቻው፣ ከክንድ ትንሽ የሚበልጥ ክር ሆኖ፣ ጥምልምሉ እንዳለ ወጣ። ቆቡን ከአዲስ ጥቁር ክር ነው የሠራችው፤ የእቴቴን ሕግ ጣሰች ማለት ነው። ነገር ግን ክሩን ጣት በማያህል ርዝመት እየቆራረጠች በጣም አቀራርባ ስላሰረችው ከሥሩ ምንም አይታይም። የሠራችው ጎፈሬ እኔ ከሠራኋቸው ሁሉ የደፈነና የቆመ ነው። ከአንድ የተጣለ ሹራብ ለስንት አሻንጉሊት ፀጉር እንደሚወጣ አብረን ስንቆጥር አመሸን፤ በማግስቱ እኔም ወደ ጎን የጣልኳቸውን ልለቅም ተመለስኩ።